ዐይን ተጨፍኖ የሚነሣ እጅ

በጉባኤያችን ድምፅ የሚሰጠው ዐይን ተጨፍኖ ነው። መጋቢው መድረኩ ላይ ይቆሙና «እስቲ አንገታችንን ደፋ፣ ዐይናችንን ጨፈን እናድርግ» ይላሉ። ከዚያ ጥያቄውን ያነባሉ። የተስማማ እጁን ያነሣል። እሳቸው ብቻቸውን ያያሉ፣ ብቻቸውን ይቆጥራሉ፤ ሲጨርሱም «ተባረኩ፣ እጃችሁን አውርዱ» ይሉናል። ዐይናችንን ስንገልጥ ነገሩ አልቋል። ውጤቱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «በአንድ ልብ ተወስኗል።»

እኔ በዚያ ሰዓት ኪቦርድ እጫወታለሁ። ቀስ ያለ፣ መጀመሪያና መጨረሻው የማይታወቅ ዜማ ነው የምጫወተው። አዳራሹ ጸጥ ካለ የእጅጌ ኮሽታ ይሰማል፤ ኮሽታ ከተሰማ ደግሞ ማን እጁን እንዳነሣ ጎረቤቱ ያውቃል። ይህን ያሰቡት መጋቢው ናቸው፤ የማያስቡት ነገር የለም። ስለዚህ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ድምፅ በተሰጠ ቁጥር፣ ሁለቱ እጆቼ ቁልፎቹ ላይ ነበሩ። አንድም ቀን ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴ ያስተዋልኩት ዘንድሮ ነው።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልብስ ተኳሽ ነኝ። በአንድ ላውንድሪ የኋላ ክፍል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ታውሮ፣ እስከ አሥር ሰዓት የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። የመጋቢውም ሸሚዝ በእጄ ያልፋል። ሁለቱ ሸሚዞቻቸው አንገትጌያቸው አልቆ ተገልብጦ ተሰፍቷል። ይህን የማነሣው ሰውየው ሌባ ናቸው ብሎ የሚጠረጥር ካለ እንዲተወው ነው። ሌባ አይደሉም። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሁሉንም ልጅ በስሙ ይጠራሉ፣ አባታችን የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ከቤታችን አልወጡም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስማቸውን የምታነሣው ከመቀመጫዋ ብድግ እንደማለት እያለች ነው።

ዐይን መጨፈኑም የተጀመረው በክፋት አይደለም። ድሮ እጅ የሚነሣው በግልጽ ነበር። አንድ ጊዜ የአዳራሹ በር በየት በኩል ይሁን ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ ዳቦ ጋጋሪውና የአክስቱ ልጅ ተለያዩ። አንዱ የሌላውን እጅ አይቶ ዓመት ሙሉ ተኳረፉ፤ ለቀብር ሲገናኙ እንኳ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ። በበር የተነሣ። መጋቢው ያን ጊዜ አልቅሰው፣ «ከእንግዲህ ወንድም የወንድሙን እጅ አያይም» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። ወንድሜ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሱ ግን እስካሁን ሚጣ ነው የሚለኝ፤ ይለኝ ነበር። ትዳር አልያዘም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጉባኤው የወጣቶች ክፍል ያስተምራል፤ ሃያ ሁለት ወጣቶች አሉት። «ያገባው እነሱን ነው፤ ያውም ሃያ ሁለት አማት አብሮ» እያልን እንቀልድበት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በሰው መታጠቢያ ቤት ተንበርክኮ የሚውል ሰው ቀና የሚለው በዚያች ክፍል ብቻ ነው።

ከወራት በፊት የጉባኤው ቢሮ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ማፍሰስ ጀመረና ተጠራ። ቧንቧውን ለመድረስ የፋይል ካቢኔቱን ገፋ ሲያደርግ፣ ካቢኔቱ ዘመም አለ። አንዱ እግሩ አጭር ኖሮ ከሥሩ ታጥፎ የተወሸቀ ነገር ነበር። ስቦ ሲያወጣው የውሃ ሽታ ያለው፣ ገጹ የተጣበቀ ደብተር ሆነ፤ የጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ።

እኔ ዘንድ አመጣው። ገጽ በገጽ በጨርቅ መሐል አድርጌ ተኮስኩለት። በሕይወቴ ወረቀት ስተኩስ የመጀመሪያዬ ነበር። ደርቆ ሲያልቅ እዚያው የሸሚዝ ክምር አጠገብ ቆመን አነበብነው። አንቀጽ ዘጠኝ፤ ድምፅ የሚቆጠረው ከሽማግሌዎች ውጭ በሆኑ ሁለት ምእመናን ነው። አንቀጽ አሥራ አንድ፤ መጋቢ ለአራት ዓመት ይመረጣል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሊደገም ይችላል፤ ከዚያ ያርፋል። መጋቢያችን አሥራ ስምንተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር።

«አየሽ ሚጣ» አለኝ፤ «እኛ ቤቱ ዘመመ እንላለን፤ ቤቱ የቆመው ደንቡን ረግጦ ነው።»

«ካቢኔቱ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም» አልኩት። ሳቀ።

መጋቢው ዘንድ ይዞት ሄደ። እንደ ልጅ ግንባሩን ሳሙት። «የት አገኘኸው? ጠፋ ብዬ ስንት ጊዜ አዝኛለሁ መሰለህ» አሉት። «እንጸልይበታለን።» ወንድሜ ደንቡን እንደያዘ ደስ ብሎት ተመለሰ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ከማንም በላይ ቧንቧ ሠራተኛ ሊያውቀው ይገባ ነበር። ሁለት ሳምንት ጠብቆ ጠየቀ፤ «እየጸለይን ነው» ተባለ። ሽማግሌዎቹን ጠየቀ፤ መጋቢውን ጠይቅ ተባለ። በሦስተኛው ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀና አንቀጽ ዘጠኝን ለወጣቶቹ አነበበላቸው።

በማግሥቱ እሑድ መጋቢው መድረክ ላይ፣ «ወንድማችን ብዙ ደክሟል» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እረፍት ያስፈልገው ይሆን? በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤው ይወስናል።»

እኛ ዘንድ እረፍት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ያረፈ ሰው ተመልሶ አያውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ወንድሜ ከክፍሉ በፊት ላውንድሪው መጣ። የመሣሪያ ቦርሳውን ከእግሩ ሥር አኖረ።

«ሚጣ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ነገ ዐይንሽን ግለጪልኝ።»

«ምን ነካህ አንተ?»

«ፊትሽ ወደ ሕዝቡ ነው። ከመጋቢው ሌላ ፊቱ ወደ ሕዝቡ የሆነ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ቁጠሪልኝ። ሕዝቡ ይብቃህ ካለኝ አርፌ እቀመጣለሁ፤ ሌላ ቃል አይወጣኝም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ዐይን መግለጥ ኃጢአት ነው፤ ቃል ገብተናል።»

«እሺ፣ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ቧንቧሽን ብጠግንልሽ ትከፍዪኛለሽ?»

ካውያውን አስቀመጥኩ። «ሂድ ከዚህ፣ ሸሚዝ ታስቃጥለኛለህ» አልኩት። እምቢ ማለቴ እንዳልሆነ ገባው።

እሑድ፣ ስለ ሰው ድምፅ ሲሰጥ ባለጉዳዩ ውጭ ይቆማልና፣ ወንድሜ ግቢው ውስጥ የውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆመ። መጋቢው ዐይናችንን አስጨፈኑን። «ወንድማችን በወጣቶች አገልግሎት ይቀጥል የምትሉ፣ እጃችሁን አንሡ።» ዜማውን ጀመርኩ። አንድ ዙር ጨርሼ ሁለተኛውን ስይዝ ዐይኔን ገለጥኩ።

መጀመሪያ ያየሁት እጆቹን ነው። ብዙ ነበሩ። ረድፍ በረድፍ ቆጠርኩ። ሰማንያ አንድ ሰው ነበር፤ አርባ ሦስት እጅ ተነሥቷል። ከግማሽ በላይ ነው። እናቴ ከፊት ወንበር ላይ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሕፃን ፊቷን ኮምትራ ጨፍናለች፤ የቀኝ እጇን እንዳይወድቅባት በግራዋ ክርኗን ደግፋ ይዛዋለች።

ቀጥሎ ያየሁትን ግን አልጠበቅሁም። የተገለጡ ዐይኖች ነበሩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት ልብስ ሰፊ፣ ከቅጥነታቸውና ከሙያቸው የተነሣ ጋሽ መርፌ የምንላቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው በቅንድባቸው ሥር ግራ ቀኙን ያያሉ። ከኋላቸው ፋርማሲስቷ ታያለች። በግድግዳው በኩል ዳቦ ጋጋሪው ራሱ ያያል። አሥር፣ ምናልባትም አሥራ ሁለት ሰው። ዐይን ለዐይን ሲገጣጠሙ እንደተያዘ ሌባ ይጨፍናሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይገልጣሉ። የጋሽ መርፌ ዐይን ከእኔ ዐይን ጋር ተገጣጠመ። እሳቸውም አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው።

ያን ጊዜ መጋቢው ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። የደከማቸው ይመስሉ ነበር። ፈገግ አሉልኝና መልሰው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ዐይኔን ጨፈንኩ። ጣቴ አንድ ቁልፍ እንኳ አልሳተም።

«ተባረኩ፣ እጃችሁን አውርዱ። ወንድማችን እንዲያርፍ በአንድ ልብ ተወስኗል።»

አሜን ተባለ። አርባ ሦስቱም አሜን አሉ። እኔም አልኩ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ቀሚሷን ሳትቀይር ኩሽና ገብታ ታለቅስ ጀመር። ለወንድሜ መስሎኝ ላባብላት ገባሁ።

«ጉዴን አላወቅሽም» አለችኝ። «እጄን አንሥቼ ነበር። በጉባኤው ሁሉ መሐል እኔ ብቻዬን። ልጄ ነው፣ አላስችል አለኝ። መጋቢው ግን ገመናዬን ሸፈኑልኝ፤ በአንድ ልብ ብለው እኔን ሳይቆጥሩኝ አለፉኝ። እግዜር ይስጣቸው።»

አሥራ ስድስት ዓመት እንዴት እንደኖርን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያልተስማማ ሰው ሁሉ «በአንድ ልብ» ሲባል፣ ልቡ የተበላሸው እሱ ብቻ ይመስለዋል። ውሸት ተነገረ አይልም፤ ይቅር ተባልኩ ነው የሚለው። አመስግኖ፣ አፍሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«እማዬ፣ አርባ ሦስት ነበራችሁ።»

«ምኑ?»

«እጁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ስለ አርባ ሦስቱ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። «ዐይንሽን ገለጥሽ?» አለችኝ። እስኪመሽ አላናገረችኝም።

ወንድሜ ግን ቁጥሩን ስነግረው ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ። «አርባ ሦስት» ይላል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል። እዚያው አቤቱታውን ጻፈ። ደንቡ ሽማግሌዎች በአሥር ቀን ውስጥ አቤቱታ ይሰማሉ ይላል፤ ለረቡዕ ቀጠሩት። ምስክር በሚለው ቦታ ላይ «እህቴ» ብሎ ጻፈ። አንድ ምስክር ብቻ እንዳይሆን ሌሎቹን ላናግር አልኩ፤ እኔው ነኝ ያልኩት።

ጋሽ መርፌን ሱቃቸው ድረስ ሄድኩባቸው። ሱሪ እያሳጠሩ ነበር። ፔዳሉን አላቆሙም።

«ጋሼ፣ እሑድ ዐይንዎ ተገልጦ ነበር። አይቼዎታለሁ።»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «እኔም አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ረቡዕ ይህንኑ ይናገሩልኛ።»

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ ስፌቱን አቁመው። «እኔ ያየሁት እሑድ ብቻ መሰለሽ? ሁልጊዜ ነው የማየው። ብዙው ሰው ያያል። አሁን አየሁ ካልኩ፣ የዛሬ አምስት ዓመትስ? የዛሬ አሥር ዓመትስ? ያኔ ምን ስትል ነበር ብባል ምን ልመልስ ነው?» ሱሪውን አገላብጠው አዩት። «እዚህ የምነግርሽን እዚያ አልደግመውም። ቂም አትያዢብኝ። ይሄ ለነገ ይደርሳል ብያለሁ።»

ፋርማሲስቷ ደግሞ መደርደሪያዋ ኋላ ሆና፣ «ያላየሁትን አየሁ ብል ዐይኔን ግንባር ያድርገው» ብላ ማለች። ያንኑ ዐይን ነበር ያየሁት። ዳቦ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና ሰላምታ ለእናትሽ አለኝ። ለወንድሜ ይህን አልነገርኩትም። «ያስቡበታል» አልኩት። እኔ አለሁ፣ እኔ እበቃለሁ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፤ እስከ ረቡዕ ድረስ እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በጉባኤው ቢሮ ተሰበሰብን። አምስት ሽማግሌዎች ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። መጋቢው ፍርዱ እንዳይዛባ ብለው ከግድግዳው አጠገብ ለብቻቸው ወንበር ወሰዱ። የካቢኔቱ እግር ሥር አሁን የታጠፈ ካርቶን ገብቷል። ወንድሜ እኔ የተኮስኩለትን ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አቤቱታውን ቆሞ አነበበ። ሲጨርስ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ጥፍሮቹ ሥር የቧንቧ ማጣበቂያ ነበር፤ አይለቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«እህታችን» አሉ መጋቢው በለሰለሰ ድምፅ፤ «አትፍሪ። ያየሽው ካለ ተናገሪ። ዐይንሽን ገልጠሽ ከሆነም ሰው ነሽ፣ ይቅር እንልሻለን።»

በዕድሜ ታላቅ ጋሽ መርፌ ናቸውና ጥያቄው የእሳቸው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እህታችን፣ እሑድ ድምፅ ሲሰጥ ዐይንሽ ተጨፍኖ ነበር ወይስ ተገልጦ?»

አየኋቸው። እሳቸው እጃቸውን ነው የሚያዩት። ወንድሜ ደግሞ እኔን ያየኛል፤ ምንም ሳይጠራጠር፣ እንዲያውም ትንሽ ፈገግ ብሎ። ማን ይናገር የነበረ ይባላል። የነበርኩት እኔ ነኝ።

«ተጨፍኖ ነበር» አልኩ።

ወንድሜ የጠገነው ቧንቧ እንኳ አንዲት ጠብታ አልጣለም።

ፈራሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። ምን ፈራሽ ለሚለኝ፣ እሑድ ጠዋት ሁለቱን እጆቼን የማደርግበት ማጣትን ፈራሁ። እናቴ ብቻዋን ወደ አዳራሹ ስትሄድ በመስኮት ማየትን ፈራሁ። ሰማንያ ሰው ጨፍኜ ነበር ሲል እኔ ብቻ ዐይናም መሆኔን ፈራሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከወንድሜ አይበልጥም፤ ያን ቀን ግን በለጠ።

«በቃ?» አለ ወንድሜ። የጠየቀው ማንን እንደሆነ አላውቅም።

«በቃ» አሉ ጋሽ መርፌ።

የተኮስኩለትን ደንብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቦርሳውን አነሣና ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። መጋቢው ተነሥተው መጡና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ከባድ እንደነበር አውቃለሁ» አሉኝ። ሁሉን ያውቃሉ፤ አርባ ሦስቱንም፣ ዐይኔንም። ታዲያ ያ እጅ ራሴ ላይ ሲያርፍ ደስ አለኝ። ለራሴ ይቅር የማልለው ይህንን ነው።

ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ጉባኤው ደጃፍ አልደረሰም። እናታችንን የሚጠይቀው እኔ ሥራ ላይ ስሆን ነው። ስመለስ የኩሽናው ቧንቧ ጠብቆ፣ የሻወሩ ውሃ ተስተካክሎ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ተገጣጠምን። «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝና አለፈ። እህቴ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት እሑድ መጋቢው ያንን ደንብ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። «ጠፍቶ የነበረው ደንባችን ተገኝቷል፤ ላገኘው ወንድማችን ምስጋና ይድረሰው» አሉ። ከዚያ ጥያቄውን አነበቡ። አንቀጽ ዘጠኝና አንቀጽ አሥራ አንድ ለጊዜው ይቆዩ፣ መጋቢውም ለሚቀጥሉት አራት ዓመታት ያገልግሉ የምትሉ። «እስቲ አንገታችንን ደፋ፣ ዐይናችንን ጨፈን እናድርግ።»

ዜማውን ጀመርኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ዐይኔን ገለጥኩ። የለመነኝ ሰው አልነበረም።

የተገለጠ ዐይን ፈለግሁ። ጋሽ መርፌ ጥርሳቸውን ነክሰው ጨፍነዋል። ፋርማሲስቷ በግራ መዳፏ ዐይኖቿን ሸፍናለች። ዳቦ ጋጋሪው ግንባሩን ከፊቱ ወንበር ላይ ደፍቷል። ከዳር እስከ ዳር አንድም የሚያይ ሰው አልነበረም። እጆቹ ግን ሁሉም ተነሥተዋል። የወንድሜ ተማሪዎች የነበሩ አምስት ወጣቶች ቀርተዋል እንጂ፣ የመጡት ሰባ ስድስት ሰዎች ሰባ ስድስት እጅ አንሥተዋል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። እናቴም፣ መጋቢው ዳግመኛ ገመናዋን እንዳይሸፍኑላት፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ይዛለች።

መጋቢውም ሲቆጥሩ አየኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ጨረሱ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ረድፍ ጀመሩ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። በአዳራሹ ውስጥ የሚያዩት የእሳቸውና የእኔ ዐይኖች ብቻ ነበሩ፤ ያን ቀን ፈገግ አላሉም።

«በአንድ ልብ ተወስኗል» አሉ።

እኔ ካየሁት እውነት ሆኖ የተነገረው ያ ብቻ ነው። ሁለቱ እጆቼ ቁልፎቹ ላይ ነበሩ፤ ዜማውን እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት።